ክርናቸው ድረስ የሚታጠቡ ሰዎች

የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከማንም ጋር መገናኘት አይፈልግም፤ እኔም አልፈልግም ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ ጥሎኝ ሄዶ፣ ሌሊቱን ኮርኒስ ስቆጥር እያደርኩ ቀን ቀን ከጎረቤቶቼ ጋር በሆነ ባልሆነው መነታረክ ስጀምር፣ ሴት ልጄ ክንዴን ይዛ ወደዚህ ሐኪም አመጣችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ ላይ አላግጬ ነበር። "በወሬ የሚድን በሽታ ካለ እኔው ለራሴ አወራለሁ" አልኳት። ዛሬ እንቅልፌም ተመልሷል፣ ጎረቤቶቼም ሰላምታዬን መመለስ ጀምረዋል፤ ስለዚህ ማላገጡን ትቼ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ክፍሉ ከመነጽር ሻጭና ከልብስ ሰፊ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀድሞ የጥርስ ሐኪም ይሠራበት ስለነበር ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ ቀርቷል። ስድስት ወንበሮች አሉ፤ ሰዉ በመካከሉ አንድ አንድ ወንበር እየዘለለ ይቀመጥና ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። የዚያን ዕለት የምሳ ሰዓት ስለነበር ተቀባይዋ ወጥታለች። ከፊት ለፊቴ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች አንዲት ወጣት የጋዜጣ አንድ ገጽ ዘርግታ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣለች። እያነበበች እንዳልሆነ ያስታውቃል። ስንት ዘመን ክፍል ውስጥ የኖርኩ ሰው የሚያነብ ዓይንና የሚሸሽ ዓይን ለይቼ አውቃለሁ።

በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሰው ገቡ። ወዲያው አወቅኳቸው። በትልቁ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር ናቸው። ሐሞቴን ከነከረጢቱ ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ጓደኞቼ "ሐሞተ ቢስ" እያሉ የሚያሾፉብኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ሠራተኞቻቸው እሳቸው በሌሉበት "ችካል" ይሏቸዋል፤ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሳይቀመጡ፣ ሳይጎነበሱ ውለው ስለሚያድሩ ነው አሉ።

"መምህር፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አሉኝ ገርሟቸው።

"እንቅልፍ ፍለጋ መጥቼ አገኘሁት። እርስዎስ?"

"ይህ ሐኪም እኮ የሚስቴ ወንድም ነው። መኪናዬ ጋራዥ ስለገባች የሱን ቁልፍ ልወስድ ብቅ ማለቴ ነው። ለሌላ ነገር እንዳይመስልዎት።"

"ኧረ አይመስለኝም" አልኩ። እዚህ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚናገረው ይህንኑ ስለሆነ ፈገግታዬን ዋጥ አደረግሁ።

ሊቀመጡ ዞር ሲሉ ወጣቷን አዩ። ጋዜጣው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ልጅቱም ሳታስበው ተነሥታ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ዶክተር? አንቺ ነሽ እንዴ? በይ ተቀመጪ" አሉ ፕሮፌሰሩ። "የአልጋ አሥራ አንዱን ሽማግሌ ጉዳይ ልታማክሪው ነው የመጣሽው? ሌሊት ይቃዣል ብለሽኛል። ስልክ ብትደውዪ እኮ ይበቃ ነበር፤ ይህን ሁሉ ፎቅ መውጣት ምን አመጣው?"

አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። በሩን ወለል አድርገው ከፍተውላታል። እኔም በልቤ "በይ አዎ በይ" አልኳት፤ አንጀቴን በልታኝ ነበርና።

"በሽተኛዋ እኔ ነኝ፣ ፕሮፌሰር" አለች።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። "እኔ ውጭ ልጠብቅ" ስል ልጅቱ እጇን ዘርግታ አስቀረችኝ።

"ይቀመጡ ጋሼ። የሚደበቅ ነገር ቢኖረኝ ኖሮ አሁን አወጣሁት። ሰው ቢሰማኝ እንዲያውም ደስ ይለኛል።"

ፕሮፌሰሩ መካከል ያለውን ወንበር ሳይዘሉ አጠገቧ ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ምንሽን ነው የሚያምሽ?"

"መጀመሪያ ድካም ነበር። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ተረኛ ሆኜ ካደርኩ በኋላ ብተኛም፣ ባልተኛም የማይለቀኝ ድካም። ቀጥሎ ሰው አስጠላኝ። አንዲት እናት ልጇ ድኖላት እጄን ስትስም ምንም አልተሰማኝም፤ ቶሎ በለቀቀችኝ እያልኩ ነበር። ያኔ ደነገጥኩ። እኔ እንዲህ አልነበርኩም፣ ፕሮፌሰር። እርስዎ ያውቁኛል።"

"አውቅሻለሁ። ግን ልጄ፣ ድካምን በሽታ ካልነው እኮ ሆስፒታሉን ዘግተን ሁላችንም መተኛታችን ነው። እኛ በናንተ ዕድሜ ሦስት ቀን ሙሉ ጫማችንን ሳናወልቅ እንሠራ ነበር። እንዴት ናችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። ይኸው አልሞትንም።"

"ይህን የሚነግሩን ያልሞቱት ናቸዋ" አለች ልጅቱ፤ በትሕትና፣ ቀና ብላ ሳታያቸው።

እኔ ይህን ስሰማ የቀድሞ ሥራዬ ትዝ አለኝ። አሥር መሣሪያ ገዝተህ አራቱ ቢሰበሩ፣ በቀሩት ስድስት ለክተህ "መሣሪያዎቼ አይሰበሩም" ብትል ተማሪ ይስቅብሃል። ፕሮፌሰሩ ግን አልሳቁም። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሌላ መንገድ ያዙ።

"መቼ ነው የጀመረሽ? ያ ሆዱን የተወጋው ሰውዬ የሞተ ጊዜ?"

"ሰውዬው የሞተ ጊዜ አዘንኩ። ይኼኛው የጀመረኝ ችሎት ላይ ከቆምኩ በኋላ ነው።"

"የምን ችሎት?"

ልጅቱ ጋዜጣውን አጠፈች። ከዚያ ማምለጫ እንደሌላት ስታውቅ "የጠዋቱን ስብሰባ ነው፤ እኛ እንዲያ ነው የምንለው" አለች።

ፕሮፌሰሩ ክው አሉ። ያን ሁሉ ዘመን የመሩት ስብሰባ የቅጽል ስም እንዳለው አያውቁም ነበር። ችካል መባላቸውንም አያውቁ ይሆናል ብዬ ልቤ ትንሽ ሳቀ።

ሥርዓቱን ለማያውቅ ላስረዳ። በዚያ ክፍል ሌሊት ሰው የሞተበት ሐኪም ጠዋት ከሁሉ ፊት ይቆማል። ሌሎቹ እንደተቀመጡ ይጠይቁታል፤ ለምን ዘገየህ፣ ለምን ቶሎ አልከፈትክም፣ ለምን ከበላይህ ያለ ሐኪም አልጠራህም። ፕሮፌሰሩ "ተቀመጥ" እስኪሉ ድረስ አይቀመጥም። አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረበት ኦፕሬሽን ክፍል ወጥቶ ነው እዚያ የሚቆመው።

"የቆመ ሰው አይረሳም" አሉ ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞረው፣ ዳኛ ያደረጉኝ ይመስል። "እርስዎ አስተማሪ ነዎት፤ ይረዱኛል። እኔ በወጣትነቴ ሦስት ጊዜ ቆሜያለሁ። አስተማሪዬ አላዘኑልኝም፤ ስላላዘኑልኝም አመሰግናቸዋለሁ። ያኔ የተማርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።"

"ምን ተማሩ?" አልኳቸው።

"መጠንቀቅን።"

"ሰው እንዳይሞትብዎት መጠንቀቅን ነው ወይስ ሁለተኛ እንዳይቆሙ?"

 ልጅቱ በዚህ መሐል ገባች።

"ፕሮፌሰር፣ ያን ቀን እርስዎ ለምን ዘገየሽ ብለው ሲጠይቁኝ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩዎት። ያስታውሳሉ?"

"አስታውሳለሁ። ማመንሽን ወድጄው ነበር።"

"እውነት ግን አልነበረም። ሰውዬው ሲመጣ እኔ የሌላ ሰው ሆድ ከፍቼ ደም እያቆምኩ ነበር። ያን ሌሊት ከኔ ሌላ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በግቢው የለም። ትቼው ብሄድ አንዱ ይሞታል፣ ባልሄድ ሌላው ይሞታል። ይህን ያልተናገርኩት ምክንያት መደርደር እንዳይመስልብኝ ነው። ችሎት ላይ የኔ ጥፋት ነው ያለ ሰው ቶሎ ይቀመጣል፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነበር ያደርኩት፣ መቀመጥ ፈለግሁ። ብቻ የተናገርኩትን ውሸት ራሴው አመንኩት። ገደልኩት፣ ገደልኩት እያልኩ መሄድ ጀመርኩ።"

"ታዲያ ለምን መጥተሽ አልነገርሽኝም?"

"ለእርስዎ?" አለች። በጥያቄዋ ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ እንዲያው ገርሟት ነው።

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ተመለከቱ። ወጣቷ ግን ከጀመረች አይቀር ልትጨርሰው ቆርጣለች።

"ከዚያ ወዲያ እኔ ባልኖር ማንም አይጎዳም የሚል ሐሳብ መጣብኝ። መጀመሪያ አንዳንዴ ነበር። በኋላ በየቀኑ ሆነ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"መኖር አልፈለግሁም ማለቴ ነው፣ ፕሮፌሰር።"

 ሴት ልጄ ከዚህች ልጅ ብዙ አትበልጥም። ፕሮፌሰሩም ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ግን ልማድ አጉል ነገር ነውና የወጣቸው ቃል የማዘን ሳይሆን የመገሠጽ ሆነ። "እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ሐኪም አፍ ይወጣል?"

"እኔም አይወጣም ብዬ ይዤው ነበር። አብራኝ የምትኖረው የማደንዘዣ ሐኪም ናት ያወጣችው። መብላት መተዌን አይታ አንድ ቀን በሩን ዘጋችና ቁጭ ብላ፣ ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው ወይ አለችኝ። እንዲሁ፣ በግልጽ።"

"እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ያላሰበውን ማሳሰብ አይሆንም?"

"ያላሰበ ሰው አላሰብኩም ይላል፣ ያበቃል። ያሰበ ሰው ደግሞ እንደኔ ያለቅሳል። ፕሮፌሰር፣ ሸክሙን ይዤ ብቻዬን ስሄድ ከርሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው በአንድ ጫፍ ያዘልኝ። አልተቆጣችኝም፣ አልመከረችኝም። ብቻዬን አልተወችኝም። በነጋታው ክንዴን ይዛ እዚህ አመጣችኝ። አሁን መድኃኒት እወስዳለሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣሁ እናገራለሁ። እንቅልፌ ተመልሷል። ትናንት አንድ የዳነ ሽማግሌ ሲመርቀኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም መንገድ ላይ አለቀስኩ።"

 ፕሮፌሰሩ ከጭንቀታቸው ሁሉ የከበደውን አወጡት።

"በወሩ መጨረሻ ወደ መጨረሻው የሥልጠና ዓመት የሚያልፉትን ሐኪሞች እመርጣለሁ። ያንቺ ስም ከሁሉ በላይ ነበር።"

"ነበር?" አለች።

"ምን ላድርግ? ነገ ሰው ሆድ ላይ ምላጭ የምትይዢ ነሽ። አእምሮዋን ታማ ነበር ቢባል ማን ያምንሻል? እኔስ ምን ብዬ እፈርማለሁ?"

እውነቱን ለመናገር ደሜ ፈላ። ልናገር ስል ግን ልጅቱ ቀደመችኝ፤ ከኔ ይልቅ የሚያዋጣ መንገድ ይዛ ነበር።

"ፕሮፌሰር፣ እርስዎ በየጠዋቱ ኦፕሬሽን ክፍል በር ላይ ቆመው የሁላችንን እጅ ያያሉ። ጣቱ የቆሰለ ሐኪም አያስገቡም።"

"አላስገባም። የቆሰለ ጣት በሽተኛውን ይመርዛል።"

"ዓምና አውራ ጣቴ ቆስሎ መግል ሲይዝ ደብቄ ልገባ ስል ያዙኝ። ምን አደረጉኝ?"

"ተቆጥቼ ወደ ቤትሽ ሰደድኩሽ።"

"የተቆጡት ስለቆሰልኩ ነው ወይስ ስለደበቅኩ?"

"ስለደበቅሽ ነዋ። መቁሰል ያለ ነው።"

"ሲድንልኝስ? የቆሰለች ሐኪም ናት ብለው ከስም ዝርዝሩ አወጡኝ?"

"ለምን ብዬ? ድኖ የለም እንዴ" አሉ።

"እኔ የምጠይቅዎት ያንኑ ነው" አለች። "ቁስሌን ከሐኪም አልደበቅኩም። ያከመኝ ሐኪም አለ። ሥራ አትግቢ ሲለኝ የዓመት ፈቃድ ብዬ ሁለት ሳምንት ቀርቼያለሁ፣ ግቢ ሲለኝ ገብቻለሁ። መፍራት ካለብዎት መግል ይዘው ጓንት ያጠለቁትን ይፍሩ።"

ፕሮፌሰሩ እንደመሸነፍ አሉ፤ ግን ትልቅ ሰው በአንድ ጊዜ እጁን አይሰጥም። "ጣት ይታያል፣ ይህ አይታይም። ደግሞም ካንቺ በቀር በኔ ክፍል እንዲህ የሆነ ሰው የለም። ቢኖር አውቅ ነበር።"

በዚህ ጊዜ ዝም ማለት አቃተኝ።

"ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ እዚህ ክፍል ደንበኛ ነኝ። የሰው ስም አልጠይቅም፣ ሰውም የኔን አይጠይቅም። ባርኔጣ አጥልቀው የሚመጡ አሉ፣ ጥቁር መነጽር አድርገው የሚመጡ አሉ። ግን እዚያ ጥግ መታጠቢያ አለ፤ ሰው ሲጨንቀው እጁን ይታጠባል። እኔ ብታጠብ መዳፌን ነው። ከሚመጡት አንዳንዶቹ ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው ክርናቸው ድረስ ይታጠባሉ። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር። ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው ቧንቧውን በክርናቸው ይዘጋሉ። መጀመሪያ ላይ ምን ነካቸው ብዬ ነበር። በኋላ ሐሞቴን ሊያወጡልኝ የገቡ ቀን እርስዎ ሲታጠቡ ያየሁት ትዝ አለኝ።"

ፕሮፌሰሩ ወደ መታጠቢያው ዞሩ። ረጅም እጀታ ያለው የድሮ ቧንቧ ነው። ትክ ብለው አዩት።

"ብዙ ናቸው?" አሉ።

"አልቆጠርኩም። አንድ ሁለት ግን አይደሉም።"

"አንዱ ወፍራም፣ ሲሄድ ወደ ግራ..."

"አልነግርዎትም" አልኩ። "እነሱ እንኳን ለእርስዎ፣ አጠገባቸው ለተቀመጥኩት ለኔም ሊታዩ አልፈለጉም።"

የሐኪሙ በር የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ውስጥ የነበረውን ታካሚ በሌላው በር ሸኝቶ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ አንጠልጥሎ ወጣ። አጭር፣ ክብ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ሦስታችንን ሲያይ ፈገግታው ቆመ። የእህቱን ባል ከታካሚው ጎን ተቀምጠው ማየቱ አስደንግጦት ቶሎ ወደ ልጅቱ ተመለከተ።

"ራሴ ነኝ የነገርኳቸው" አለችው።

"ከኔ ክፍል ስንት ሰው ይመጣል?" አሉት ፕሮፌሰሩ።

"ጋሼ፣ ይህን ብነግርህ ከነገ ጀምሮ አንድም ሰው አይመጣም።"

"እሺ። ያ ልጅስ?" አሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል። "ዓምና የቀበርነው ልጅ። እሱ መጥቶ ነበር?"

ወጣቷ ሐኪም ዓይኗን ጨፈነች። በኋላ እንደተረዳሁት በክፍሉ ሁሉ የሚወደድ አንድ በሥልጠና ላይ ያለ ወጣት ሐኪም ነበር። በድንገተኛ ሕመም ሞተ ተብሎ ተቀበረ። እንዴት እንደሞተ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረም።

ሐኪሙ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ከፊታቸው ተቀመጠ። "እሱ አልመጣም ጋሼ። ይህን ልነግርህ የምችለው ስላልመጣ ነው።"

"በሞተበት ሳምንት ስብሰባው ላይ አቁሜው ነበር።"

"አውቃለሁ። ግን ስማኝ፤ ሰው በአንድ ምክንያት ብቻ እዚያ አይደርስም። አንተ ስላቆምከው ሞተ ብልህ ውሸት ነው፤ አንተንም በሌላ ውሸት ማሳመም ነው። ድካሙም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ ያልታከመ ሕመሙም አለ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሲጨንቀው የሚያንኳኳው በር አልነበረም። በሩ የት እንዳለ ቢያውቅ እንኳ ካንኳኳሁ ሥራዬ አበቃ ብሎ ነበር የሚያምነው። ይህ ሕመም ይታከማል። ያን የጨለማ ሐሳብ ያሰቡ ሰዎች አብዛኞቹ በጊዜ የሚደርስላቸው ካገኙ ይኖራሉ፤ ደስም ይላቸዋል። ይቺ አንዷ ናት።"

ፕሮፌሰሩ አለቀሱ ብል ይቆጡኛል፤ ግን አለቀሱ። መሐረባቸውን ፈልገው ሲያጡ ልጅቱ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። ከዚያ ቀና አሉ፤ ችካልነታቸው ተመለሰ።

"ስምሽ ከነበረበት አይነሣም" አሉ። "ስለ ስብሰባውም ነገ እንነጋገራለን። ጥያቄ ግን አላላላም፤ ሰው ሞቶ ዝም አይባልም።"

"ዝም ይባል ያለ የለም፣ ፕሮፌሰር" አለች። "ተቀምጠን እንመልስ ነው የምንለው።"

ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ እርስዎም ነገ ይምጡ። የሕመምተኛ ስም አይጠራም። ነገሩ ከላላ አይተው ይመስክሩብኝ።"

ሄድኩ። አዳራሹ የመድኃኒትና የእርጥብ ወለል ሽታ አለው። ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች ከኋላ ወንበር ይሻማሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ረድፍ ባዶ ነው። ሌሊት አንዲት ሴት ሞታ ኖሮ አንድ ቀጭን ወጣት ሳይጠራ ተነሥቶ ወደ ፊት ወጣ። ከንፈሩ ደርቋል።

"ተቀመጥ" አሉ ፕሮፌሰሩ።

ልጁ ጆሮውን አላመነም። ጥያቄው ሳይጀመር ተቀመጥ የተባለ ሰው በዚያ ክፍል ታይቶ አያውቅም። ይባስ ብሎ ፈራ፤ ቁርጤን ሊነግሩኝ ነው ብሎ መሰለኝ። ፕሮፌሰሩ የራሳቸውን ወንበር ከጠረጴዛው ኋላ ጎትተው አጠገቡ አኖሩና ተቀመጡ። "አሁን ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረን። ምን ሠራህ አላልኩህም፤ ምን ሆነ ነው ያልኩህ።"

ጥያቄው አልላላም፤ ይልቁንም ጠበቀ። ልዩነቱ ልጁ ራሱን መከላከል ትቶ ማሰብ መቻሉ ነው። እየተነጋገሩ ሲሄዱ ለሴትየዋ የታዘዘው ደም የዘገየው የደም ክፍሉ መጋዘን ሌሊት ስለሚቆለፍና ቁልፉን የያዘው ሰው ሌላ ሕንፃ ላይ ስለሚያድር መሆኑ ወጣ። አንዱ ከኋላ "ባለፈውም እንዲሁ ነበር" አለ። ሌላዋ "የኔም ጊዜ" አለች። በዚያ ችሎት ስንት ሰው ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ግን እዚያ ሌላው ሕንፃ ላይ ሲያድር ኖሯል። ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ቀላ። ስብሰባው ሳይበተን ስልክ አነሡ፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ቁልፉ ደም ክፍሉ በር ላይ ከሚያድረው ተረኛ እጅ ሆነ።

ሊበተኑ ሲሉ ልጁን "ተኝተሃል?" አሉት። "አልተኛሁም።" "ወደ ቤት ከማን ጋር ትሄዳለህ?"  ያቺ ወጣት ሐኪም ከኋላ ተነሥታ "ከኔ ጋር ነው የሚሄደው" አለች።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ዓመት አለፈ፤ የተገኘውን ጥቅም ሳልናገር ብቀር ድካሜ ከንቱ ነው። ዛሬ በዚያ ክፍል ሌሊት አንድ ሐኪም ብቻውን አያድርም፤ ሲጠራ የሚደርስ ሁለተኛ ሐኪም አለ። ሰው የሞተበት ሐኪም በማግሥቱ ምላጭ አይዝም። የፕሮፌሰሩ አማች በሳምንት ሁለት ቀን ለሐኪሞች ብቻ ይቀመጣል፤ ማን እንደመጣ ለክፍሉ ኃላፊ አይነገርም፣ በዕድገትም ላይ አይታሰብም። በባልደረባው ላይ የሚያስፈራ ነገር ያየ ሐኪም በግልጽ እንዲጠይቅ፣ ጠይቆም ብቻውን እንዳይተወው ሁሉም ተምሯል። የዚያ የሞተው ልጅ ስም በሙት ዓመቱ ይጠራል፤ እንዴት እንደሞተም አይሸፈንም። ሥራ ሊለቁ የነበሩ ሁለት ጎበዝ ሐኪሞች ሳይለቁ ቀርተዋል። ስሕተት እንደተሠራ በዚያው ቀን ስለሚነገር ሳይደገም ይታረማል፤ ያ ደግሞ የሚጠቅመው ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን አልጋ ላይ ያለውን ሰው ነው። ይህን የምለው በወሬ አይደለም፤ አልጋው ላይ የተኛሁት እኔ ነበርኩና።

እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ቡአ አስቸግሮኝ በቀዶ ሕክምና ልታከም ሆስፒታል ገባሁ። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ሊሠሩልኝ ቃል ገብተውልኛል። ጠዋት ጋዋኑን ለብሼ፣ ጀርባዬ ተከፍቶ፣ ክብሬን ሁሉ አልጋው ሥር ከጫማዬ ጋር ትቼ ስጠብቅ እሳቸው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"መምህር፣ ዛሬ አልሠራልዎትም" አሉኝ። "ትናንት ማታ አንድ ልጅ እጄ ላይ ሞተብኝ። አልተኛሁም። ጠዋት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው። ማንም ሊጠይቀኝ አልደፈረም። ያቺ ልጅ ግን፣ ፕሮፌሰር ተኝተዋል ወይ አለችኝ። ልዋሽ ነበር። ለሃያ ምናምን ወጣት ተኝቻለሁ ብዬ ልዋሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልተኛሁም አልኳት። እንግዲያው የዛሬውን እኔ እሠራዋለሁ፣ እርስዎ ወደ ቤት ይሂዱ አለችኝ። ባለቤቴ እታች እየጠበቀችኝ ነው።"

"ይሂዱ" አልኳቸው። "ይተኙ። ሲነቁ ደግሞ ለዚያ አጭሩ አማችዎ ይንገሩት።"

"ነገ ቀጠሮ ሰጥቶኛል" አሉና እጄን ጨብጠው ሄዱ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ቃል ሲናገሩ መስማት የማልረሳው ነገር ነው። ኮራሁባቸው።

አንባቢዬ፣ እውነቱን ልንገርህ። አልጋው ላይ ብቻዬን ስቀር ፈራሁ። ሰው ፊት ቆሞ መከራከር ቀላል ነው፤ የራስን ሆድ ማስከፈት ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ "መኖር አልፈለግሁም" ያለችው ልጅ ናት እኮ፤ ምላጩን የምትይዘው እሷ ናት። ፕሮፌሰሩ "ማን ያምንሻል" ሲሏት የፈላው ደሜ አሁን ቀዝቅዞ አገኘሁት፤ አፈርኩም።

በባለ ጎማ አልጋ እየተገፋሁ ስገባ አንገቴን ዞር አድርጌ አየኋት። እየታጠበች ነው፤ ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር፣ እስከ ክርኗ። መጥታ አጠገቤ ቆመች። ከጭምብሉ በላይ ዓይኗ ብቻ ይታያል፤ ዕረፍት ያገኘ፣ የሚያይ ዓይን ነው።

"እንዴት አደርሽ?" አልኳት።

ይህን የምጠይቃት ለሰላምታ አለመሆኑ ገባት። አልተቀየመችም።

"ተኝቼ ነው ያደርኩት፣ ጋሼ። ቁርሴንም በልቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሐኪሜ ዘንድ ነበርኩ፤ አሁንም በወር አንዴ እሄዳለሁ።"

ከዚያ በላይ የሚያሳምን መልስ የሰጠኝ ሐኪም የለም። በዕድሜዬ ሆዴን ካየልኝ ሐኪም ሁሉ ስለ ራሱ እንዲህ አድርጎ እውነቱን የነገረኝ የለምና።

"እንግዲያው ጀምሪ" አልኩና ሆዴን ሰጠኋት።